የደጀኔ ፓራሹት

ዘንድሮ የስፌት መኪናዬን ሸጥኩ። የገዛው ጎዶማ በሚባል መንደር ሱቅ ከፍቶ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው። ጭኖት ሲሄድ ደጄ ላይ ቆሜ አየሁትና ወደ ውስጥ ተመለስኩ። ጣቶቼ ወፍራም መርፌ አንገፋም ካሉ ከርመዋል። የጭነት መኪና ሸራውም ቢሆን አሁን ያለቀለት ፕላስቲክ ሆኖ ከናይሮቢ ይመጣል። እዚህ ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ሸራውን ቱሩባይ ይሉታል፤ ስሰፋው ስለኖርኩ እኔንም ማማ ቱሩባይ ብለውኛል። አስካለ የሚለውን ስሜን የሚያውቁት አብረውኝ የተሰደዱት ናቸው፤ እነሱም እያለቁ ነው።

ሸራ መስፋት ግን ሁለተኛ ሙያዬ ነው። የመጀመሪያው ፓራሹት ማጠፍ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ፈገግ ይላል። ጨርቅ ማጠፍ ማንም የሚችለው ነገር ይመስላቸዋል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ አንድ የአየር ኃይል ጣቢያ ስፌት የሚችሉ ሴቶች ይፈልጋል ተባለና ሄድኩ። ደመወዙ ከእናቴ የቤት ኪራይ ትንሽ ይተርፍ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም። የሥራ ክፍላችን ረጅም ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር እንደ መስተዋት የለሰለሰ ጠረጴዛ ተዘርግቶበታል። ከጎኑ መስኮት የሌለው ግንብ አለ። የታጠቡ ፓራሹቶች እዚያ ከላይ ተሰቅለው ይደርቃሉ። በሩ ተዘግቶ፣ ንፋስ የሚባል ነገር ሳይገባ፣ እነዚያ ነጫጭ ጨርቆች በዝግታ ይዞሩ ነበር። አዲስ የተቀጠረች ሴት ሁሉ ምክንያቱን ትጠይቃለች። ባሻ ተሰማ በሩን ቀስ ብለው ይዘጉታል።

ባሻ ተሰማ አለቃዬም አስተማሪዬም ናቸው። በወጣትነታቸው አየር ወለድ ነበሩ፤ ጉልበታቸው ሲደክም ወደ ማጠፊያው ክፍል ተዛወሩ። ጠዋት ጠዋት እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ይታጠቡና እርጥበት እስኪጠፋ በፀሐይ ላይ ይዘረጉታል። ከዚያ ቀለበትና ሰዓት ያወልቃሉ፤ እኛንም ያስወልቁናል። ጨርቁ ሲታጠፍ እንዳይንሸራተት የምንጭንበትን የአሸዋ ከረጢት ሁሉ መልሰው ግድግዳው ላይ ካልሰቀሉ በስተቀር እሽጉን አይዘጉም፤ ውስጥ የቀረ ነገር ሰው ይገድላል። አንድ ፓራሹት መሀል ላይ አቁሞ ምሳ መሄድ በእሳቸው ዘንድ አይታሰብም። የተጀመረ ያልቃል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን መጨረሻ ላይ የሚያደርጉት ነገር ነበር። እሽጉ ከተዘጋ በኋላ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጡታል። በታጠፈው ጨርቅ መሀል የቀረው አየር ቀስ እያለ ሲወጣ ልክ እንደተኛ ሰው ድምፅ ያሰማል። ያ ትንፋሽ እስኪያቆም እሽጉን ለማንም አይሰጡም። እኔም ተማርኩት። ብቻዬን በሆንኩበት ከሰዓት በኋላ፣ መደርደሪያ ሙሉ እሽግ በየተራ ሲተነፍስ መስማት እስክለምደው ድረስ ከክፍሉ ያስወጣኝ ነበር።

ሥራውን የቻልኩት ወድቄ ነው። ብቻዬን መጀመሪያ ያጠፍኩት ፓራሹት በሰው ቁመት የተሠራ፣ አሸዋ የተሞላ አሻንጉሊት ታስሮበት ከአውሮፕላን ተጣለ። ሜዳው ላይ ቆመን አየነው። ጨርቁ ወጣ፤ ግን አልተከፈተም። እንደ ተጠመዘዘ ነጠላ ከአሻንጉሊቱ በላይ እየተርገበገበ መጣና መሬት መታ። አንድ ገመድ በጨርቁ ላይ ተሻግሮ አንቆት ኖሯል። አሻንጉሊቱን ሳነሳው ሆዱ ተቀዶ አሸዋው እጄ ላይ ፈሰሰ። በዚያ ቀን ሥራውን ለመልቀቅ ወስኜ ነበር። ባሻ አልተቆጡኝም። ሌላ አንዱን እጠፊ አሉኝ፤ አጠፍኩ። በማግስቱ ያንኑ እኔ ያጠፍኩትን በጀርባቸው አዝለው፣ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው፣ ዘለሉ። ከሜዳው ደግፈን ስናመጣቸው ጭቃቸውን እንኳ ሳያራግፉ፣ "በይ አሁን እጅሽን ታጠቢና ወደ ጠረጴዛሽ ተመለሺ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ገመድ አላሻገርኩም።

ደጀኔ የመጣው ጦርነቱ በበረታበት ጊዜ ነው። የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ባልደረባ ነበር። ፓይለት አይደለም፤ ቦታው ከኋላ፣ ቦምቡ ዘንድ ነው። በሩን ይከፍታል፣ ሲታዘዝ ይለቃል፣ ተንጠልጥሎ የቀረ እንዳለ አጎንብሶ ያያል። አባቱ ደብረ ሲና ወፍጮ ቤት አላቸው። እሱ የሒሳብ አስተማሪ ሊሆን ፈልጎ ነበር፤ ሒሳብ መቻሉ ግን ወደዚህ አመጣው። በሠራዊት ልብስ ውስጥ ትከሻው ጠፍቶ ልጅ ይመስላል፤ ልጅም ነበር። ፓራሹቱን ሊወስድ ሲመጣ ሁልጊዜ አንዱን ብቻ ይጠይቃል። አንድ ቀን የአውሮፕላኑ በር ማጠፊያ ይዞት ቀደደው። ነጭ ክር አልቆ ስለነበር ቀዳዳውን በወታደር አረንጓዴ ክር ጣፍኩት። ሌላ ልስጥህ ስለው እምቢ አለ። ይሄኛው ያውቀኛል አለኝ።

ሰሜን ደርሰው ሲመለሱ እሽጉን ራሱ ያመጣና እኔ ስፈትሸው ጠረጴዛው ዳር ይቆማል። ያየውን አይናገርም ነበር። ሌሎቹ ስለ ተራራውና ስለ ጢሱ ያወራሉ፤ እሱ ስለ ወፍጮ ቤቱ ያወራኛል፤ እህል ሲያልቅ የድንጋዩ ድምፅ እንዴት እንደሚቀየር። አንድ ቀን ግን ድምፁ ተዘግቶ፣ ጉንፋን ይዞት መጣና ሌላ ነገር ነገረኝ።

አውሮፕላኑ ቦምቡን ጥሎ ወደ ቤት ሲዞር ዋናው ፓይለት በጆሮ ማዳመጫ ስም ይጠራል። እያንዳንዱ ባለበት ሆኖ አለሁ ይላል። ደጀኔ የመጨረሻው ነው።

"ከእኔ በኋላ የሚመልስ ሰው አለ" አለኝ።

የራስህ ድምፅ ተመልሶ ይሆናል አልኩት። እሱም እንደዚያ ሲያስብ ነበር የቆየው።

"ዛሬ እኮ ድምፄ ተዘግቷል፤ ትሰሚኛለሽ። ያኛው ግን ጥርት ብሎ ነው አለሁ ያለው።"

ሌሎቹም ይሰሙት እንደሆነ ጠየቅኩት። ይሰማሉ፤ ግን ማንም አያነሳውም አለ። ፓይለቱ የመጨረሻውን ስም ከጠራ በኋላ ትንሽ ይጠብቃል፤ ያኛው እስኪመልስ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው።

ነገሩን ለባሻ ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ የደጀኔን ፓራሹት ፈትቼ እንደገና እንዳጥፈው አዘዙኝ፤ ከአጠገቤም ሳይነሱ ዋሉ። 

አውሮፕላኑ የጠፋው በክረምት፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ደመናው ከግንቡ ጫፍ ጋር የተያያዘ ይመስል ነበር። እኔና ባሻ ጠረጴዛው ላይ ነበርን። ከሰሜን የሚመጣ የሞተር ድምፅ ሰማን፤ የእነ ደጀኔ መሆኑን ከድምፁ አወቅን፤ አንደኛው ሞተር ትንሽ ያስላል። ዝቅ ይላል ብለን ጠበቅን። ከደመናው በላይ ሆኖ በጭንቅላታችን ላይ አለፈ። አልዞረም። ድምፁ ወደ ደቡብ እየቀጠነ ሄደ፤ ካቆመ በኋላም እኔ የምሰማው መስሎኝ ቆየሁ። የራዲዮ ክፍሉ ሲጠራቸው እንደነበርና መልስ እንዳላገኘ በኋላ ሰማን።

በማግስቱ የደጀኔ እሽግ ይቀመጥበት የነበረውን ባዶ ቦታ ልጠርግ ስገባ ባሻ ፊት ለፊቱ ቆመዋል። አንገታቸውን ወደ ጎን አዘንብለዋል።

"ትሰሚያለሽ?" አሉኝ።

ሰማሁት። ምንም ከሌለበት ቦታ ያ ትንፋሽ ይወጣል፤ ረጅም፣ ቀስ ያለ። ሁለታችንም እስኪያቆም ቆምን። አላቆመም፤ እኛ ነን ወጥተን የሄድነው።

ከዚያ ወሬ ተነሳ። አውሮፕላኑን ይዘው ወደ ኬንያ ጠፍተዋል ተባለ። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ግን ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም ያወራው ነበር። ወሬው ደብረ ሲና ደረሰ። የደጀኔ አባት ወፍጮ ቤት እህል የሚያስፈጭ ሰው እየቀነሰ ሄደ፤ ሰዉ የከዳተኛ አባት ደጃፍ መታየት ፈራ። እናቱ ግን በዚያ ወሬ ተጽናኑ አሉ። ከከዳ በሕይወት አለ ማለት ነው።

ዓመት ሳይሞላ መንግሥቱ ወደቀ። ጣቢያው ተበተነ። ባሻ አልሄድም ብለው ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው በሩ ላይ ተቀመጡ፤ በዚያው ዓመት እንዳረፉ ሰማሁ። እኔ ከሌሎች ጋር በጭነት መኪና ወደ ደቡብ ወረድኩና በሞያሌ ተሻገርኩ። ካምፕ ገባሁ፤ ብዙም ሳልቆይ ወጣሁ። አንድ ሶማሌ የሎሪ ባለቤት የተቀደደ ቱሩባይ ስሰፋ አይቶ ከገበያው ጀርባ ቦታ ሰጠኝ። መጀመሪያ ቋንቋው አስቸገረኝ፤ ቀስ በቀስ ቦረንኛውንም ስዋሂሊውንም ለመድኩ። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ቀበርኩ። ከኡራን፣ ከዳበል፣ ከማርሳቢት የሚመጣ ሎሪ ሁሉ ሸራው በእጄ አልፏል። ስለዚያ ብዙ መናገር እችላለሁ፤ ግን ሸራ ሸራ ነው፤ ከላዩ የሚያርፍበት ዝናብ እንጂ ሰው አይንጠለጠልበትም።

ሱቄን ልዘጋ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ጉዮ የሚባል የኡራን ሰው፣ ቦዳቦዳ እየነዳ ሰው የሚያመላልስ፣ አንድ ጥቅል ሞተር ሳይክሉ ላይ ጭኖ መጣ። የሴት ልጁ ሠርግ ነው፤ ሴቶቹ ለሙሽሪት አዲስ ጎጆ ይሠራሉ፤ ይህ ጨርቅ ጣሪያውን ያለብሳል፤ በቤተሰቡ ሠርግ ሁሉ ጎጆ ሲያለብስ ኖሯል፤ አሁን ጠርዙ ስለተበላ ስፊልን አለ። ጥቅሉን ወለሉ ላይ ፈታሁት። ጢስና ቅቤ ጠጥቶ የሻይ መልክ ይዟል። ቀትር ነበር፤ በሩን አቧራ እንዳይገባ ዘግቼዋለሁ። ጨርቁን ገለጥ ሳደርገው መሀሉ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ከሥሩ የሆነ ነገር የተኛ ይመስል አበጠና መልሶ ረገበ። ጉዮ አየኝ፤ ሁልጊዜ እንደዚህ ያደርጋል አለኝ፤ ድምፁ ላይ ፍርሃት የለም።

ከዚያ አረንጓዴውን ክር አየሁት። ጥልፉ የእጄ ነው። ስጣደፍ መጨረሻ ላይ መርፌዋን ሁለት ጊዜ መልሼ የማሳልፍበት ልማዴ እዚያው አለ። ጣቴን አስቀመጥኩበት፤ ማንሳትም አቃተኝ። ከየት አመጣችሁት ስለው፣ እናቴ ታውቃለች፣ ከሰማይ ነው የመጣው አለኝ።

በማግስቱ ከእሱ ጋር ኡራን ሄድኩ። እናቱን ሁሉም አኮ ጣላሶ ይላቸዋል፤ አኮ በእነሱ አያት ማለት ነው። ዓይናቸው ደክሟል፤ እጄን ይዘው ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ጨርቁን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ከመምጣቱም በፊት፣ አልኳቸው።  ከዚያ በዝግታ ነገሩኝ።

ያን ጊዜ ጉዮ ገና ትንሽ ልጅ ነበር። ደመናው ዝቅ ብሎ በዋለበት ቀን የሚበር ብረት እየጮኸ ወደ በረሃው አለፈ። ከኋላው ነጭ ነገር ወረደና ግራር ላይ አረፈ። ከብቶቹ ሸሹ፤ ሰዎቹም ሸሹ። አማታቸው ግን ሄዱ። ወጣት ሰው ነው፤ በገመዱ ተንጠልጥሏል፤ ዳሌው ተሰብሯል፤ ጭንቅላቱ ደም ነው። አውርደው ተሸክመው አመጡት። መንገዱ ጎርፍ ነበር፤ ወደ ሐኪም ሊወስዱት ግመል ላይ ሲጭኑት ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች፤ ተዉት። ወታደር ከማዶ መጥቶ ይወስደዋል ብለውም ፈሩ። ጣላሶ ወተት ይሰጡት ነበር። ሲያናግሩት አይሰማም፤ ሲጠይቁት አይመልስም። እህል ውሃ ስጡኝ ብሎ በምልክት እንኳ አይጠይቅም።

"ማታ ማታ ግን፣ ከብት ሲገባ፣ ማንም ሳይጠራው ይመልሳል" አሉ አኮ ጣላሶ። "ቀና ይላል፣ አንድ ቃል ይላል። ስሙ መሰለን። አለሁ አልነው።"

ቃሉን ልክ እንደ እሱ፣ በእኛ አባባል፣ አጥርተው አሉት። 

ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ነገርኳቸው። አኮ ጣላሶ ራሳቸውን ነቀነቁ። ታዲያ ማን ነበር የሚጠራው ብለው ጠየቁኝ። 

ክረምት አልፎ በጋ ወጣ፤ ሌላ ዝናብ መጣ። በሁለተኛው ዝናብ ማለቂያ ሞተ። ግራሩ ሥር ቀብረው ድንጋይ ከመሩበት። እረኞች ያን ቦታ ዛሬም አለሁ ይሉታል፤ ከብት ሲያሳድሩ ግን ራቅ ይላሉ። ምክንያቱን ጉዮን ስጠይቀው መሬቱን እያየ፣ አንዳንዴ ማታ ስንቆጠር በአንድ እንበልጣለን አለኝ። 

ወደ ሞያሌ ስመለስ ያሳሰበኝ ቤተሰቡ ነበር። እናቱ ካሉ የሚኖሩት አንድ ቀን በሩን ይከፍታል ብለው ነው። ይህን ከእጃቸው የምነጥቀው እኔ ልሆን ነው። ጨርቁንም ዝም ብዬ ሰፍቼ ለጉዮ መመለስ እችል ነበር። ሳምንት ያህል ሳልነካው አስቀመጥኩት። ሱቁ ውስጥ ከኋላዬ ሆኖ ሲነሳና ሲረግብ እሰማዋለሁ፤ ዞሬ ሳየው ረግቧል። በመጨረሻ ወደ ሸዋ የሚመላለስ አንድ ሾፌር ደብረ ሲና የወፍጮ ቤት ባለቤት የነበሩትን ሰው ቤተሰብ እንዲያፈላልግልኝ ለመንኩት። የእህቱን ስልክ አመጣልኝ። ወይንሸት ትባላለች። አባትየው ሞተዋል፤ እናትየው አሉ።

በስልክ አልነገርኳትም፤ ስለ ወንድምሽ ነው፣ ነይ ብቻ አልኳት። በአውቶቡስ እስከ ድንበር መጣች፤ ተሻገርኩና ተቀበልኳት። ጸጉሯ ሸብቷል። በመልኳ አላውቃትም ነበር፤ ስትራመድ ግን ትከሻዋ እንደ እሱ ነው። ሱቄ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም።

"እርስዎ ሞያሌ የገቡት መቼ ነው?" አለችኝ።

መንግሥት በወደቀ በወሩ ነው አልኳት።

"እንግዲያው ያኔ በሕይወት ነበር።"

ነበር። እኔ ከገበያው ጀርባ የመጀመሪያውን ቱሩባይ ስሰፋ፣ ሎሪ በአንድ ቀን በሚደርስበት ቦታ፣ ደጀኔ ግራር ሥር ሆኖ ይመልስ ነበር። ይህን ከእሷ በፊት አስልቼዋለሁ፤ ከአፏ ስሰማው ግን እንደ አዲስ ቆረጠኝ። ወይንሸት እጇን ዘርግታ እጄን ያዘች። ለማጽናናት አልነበረም፤ እንዳትወድቅ ነው።

ኡራን ወሰድኳት። የድንጋዩ ክምር ላይ ተደፍታ እስኪበቃት አለቀሰች፤ የአካባቢው ሴቶች ራቅ ብለው ቆመው ጠበቋት። አፅሙን አውጥታ ወደ ደብረ ሲና ልትወስድ አስባ ነበር። ከአኮ ጣላሶ ጋር ከተቀመጠች በኋላ ሐሳቧን ለወጠች፤ እዚህ ሰው አለው አለች። ግን እናቷ የሚያለቅሱበት ነገር ያስፈልጋል። አስከሬን የለ፣ ልብስ የለ፤ ጨርቁን ትፈልጋለች። ጨርቁ ደግሞ የሙሽሪት ጎጆ ነው።

እኔ አስተረጎምኩ። ጨርቁ የእሱ ነበር፣ ለእናቱ ይገባል፤ ግን የልጅ ልጄም ከሥሩ ሳትገባ ብታገባ ልቤ አይሞላም አሉ አኮ ጣላሶ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

የመጨረሻ ሥራዬ ያ ነው። ፓራሹት ከብዙ ረጃጅም ክፋዮች የተጋጠመ ነው። አረንጓዴው ክር ያለበትን ክፋይ ስፌቱን እየተረተርኩ ለይቼ አወጣሁት፤ የቀረውን መልሼ ገጠምኩት፤ ሲዘረጋ አንድ ክፋይ መጉደሉ አይታወቅም። ጣቶቼ መርፌ አንገፋም እያሉኝ ቀናት ፈጀብኝ። ወይንሸት አጠገቤ ተቀምጣ በመርፌው ክር እያስገባች ሰጠችኝ። ክፋዩን አጣጥፌ ሳስረክባት ጆሮዬን አስጠጋሁት። ጸጥ ያለ ጨርቅ ነበር።

ለሠርጉ ተጠርቼ ሄጃለሁ። ወይንሸት አገሯ ገብታ ልቅሶ ተቀመጡ። በስልክ ነገረችኝ፦ ክፋዩን ድንኳኑ ውስጥ ዘረጉት፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ደጃፋቸውን ያልረገጡ ያባቷ ጓደኞች፣ በሕይወት የቀሩት፣ በምርኩዝ መጡ። እናትየው ብዙ አልጠየቁም አለችኝ። ስለ አውሮፕላኑ፣ ስለ ወሬው፣ ስለ ድምፁ አንድም ነገር ማወቅ አልፈለጉም። የጠየቁት ማን አጠጣው ብለው ብቻ ነው።

ወይንሸት ወተት የሰጡትን ሴትዮ ስም ነግራቸዋለች። አሁን እናትየው ጠዋት ጠዋት ከጸሎታቸው መጨረሻ፣ ያላዩትን አገርና የማያውቁትን ቋንቋ ስም እንደ ምንም ብለው፣ ጣላሶ ይላሉ።